መቀነት ቆዳዋን መጣል አቃታት (27 መልሶች)

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ። መድረኩ የቤት እንስሳት ይባል እንጂ እውነቱን ለመናገር የውሻ መድረክ ነው። ከአሥር ክር ስምንቱ ስለ ጀርመን ሼፐርድ ነው። አንዱ ስለ ድመት፣ አንዱ የጠፋ ውሻ ፎቶ። እኔ ደግሞ እባብ ይዤ ገባሁ።

የጻፍኩት ባጭሩ እንዲህ ነው። መቀነት የምትባል ቦል ፓይተን አለችኝ። ርዝመቷ 90 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት። ዝርያዋ የእኛ አገር አይደለም፤ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው ምድር የሚገኝ ነው። ስትፈራ ጭንቅላቷን መሃል ከትታ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች። መርዝ የላትም። የቀድሞ ባለቤቷ ከአገር ሲወጣ ከነመስታወት ሣጥኗ፣ ከነወረቀቷ ለእኔ ትቷት ሄደ። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቀለሟ ደበዘዘ። ዓይኗ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ መሰለ። ከዚያ ጠራ። ከዚያ ቆዳው መውጣት ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። አሁን ጀርባዋ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቆራርጦ ተጣብቋል። ጭራዋ ጫፍ ላይ ሁለት ቀለበት የሚመስል ነገር ተጠምጥሟል። በእጄ ልላጠው ወይ?

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ቀረሁ። እሱ ወደ በኋላ ይመጣል።

1ኛው መልስ የመጣው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጥያቄ። የሣጥኑ ሞቃት ጎን ስንት ዲግሪ ነው፣ ቀዝቃዛው ጎን ስንት ነው፣ እርጥበቱ ስንት በመቶ ነው፣ ክዳኑ ምንድን ነው፣ ከሥር ምን ተነጥፏል። ሙቀቱን መለስኩለት፤ 31 እና 26። ክዳኑ ወንፊት ነው፣ ከላዩ አምፖል አለ። ከሥሯ ሰጋቱራ ነው። የእርጥበት መለኪያ እንደሌለኝ ስጽፍ ግን ትንሽ አፈርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይኖረኝ ነው የከረምኩት።

2ኛዋ አንዲት እናት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ሔዋንን አነሱ። ከዚህ ፍጥረት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር መልካም እንዳልሆነ፣ ሳይነጋ እንዳወጣት መክረው፣ መርቀውኝ ሄዱ። አመሰግናለሁ እማማ ብዬ አለፍኩ። ምን እላለሁ?

3ኛው ለጋ ቅቤ አዘዘ። ነገሩን አሳምሮ ነው ያስረዳው። አያቱ ጀንዲ ሲደርቅባቸው በቅቤ እያሹ ያለሰልሱት ነበር። የተሰነጠቀ ተረከዝም በቅቤ ይድናል፣ ፀጉርም በቅቤ ይወዛል። ስለዚህ የእባብም ቆዳ ቆዳ ነው፣ ቅቤ ቀባት። ብዙ ላይክ አገኘ። እኔም ብድግ ብዬ ፍሪጁን ከፍቼ ነበር።

4ኛዋ ባትደርስ ኖሮ እቀባት ነበር። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የተማረች፣ አራት ኪሎ አካባቢ የምትኖር ሴት ናት። ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ ዶክተር እያልን ነው የጠራናት። ቅቤውን በሁለት መስመር ዘጋችው። ጀንዲ የሞተ ቆዳ ነው፣ እባቧ ግን በሕይወት አለች። ቅቤ ሁለቱን ቆዳ አያለያይም። አቧራና ሰጋቱራ ይሰበስባል፣ ይሸታል፣ አለቀ።

ከዚያ ሥራውን አስረዳች። እባብ ቆዳ ሲቀይር አዲሱ ከአሮጌው ሥር ተሠርቶ ያልቃል። በሁለቱ መሃል ፈሳሽ ይገባል። ዓይኗ የደፈረሰው በዚሁ ፈሳሽ ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን እንደ መነፅር የሚሸፍነው አንድ ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፣ እሱም አብሮ ይቀየራል። ዓይኗ ተመልሶ በጠራ በጥቂት ቀን ውስጥ አፍንጫዋን ድንጋይ ላይ አሽታ፣ አሮጌውን ከከንፈሯ ጀምራ ታወልቃለች። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን አሮጌው ቆዳ ከመላቀቁ በፊት ይደርቃል፤ እንደ ወረቀትም ይቀደዳል። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳዋ በደንብ የወጣው መቼ ነው?

ነሐሴ ነው። እርግጠኛ የሆንኩት ቆዳውን በጫማ ካርቶን ስላስቀመጥኩት ነው። አወጣሁት። አንድ ወጥ ነው፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ የወለቀ። ስለሚለጠጥ ከራሷም ይረዝማል። ነሐሴ ላይ ያው ሣጥን፣ ያው አምፖል፣ ያው ሰጋቱራ ነበር። የተለወጠው ውጪው ነው። ክረምት ሄዶ በጋ ገብቷል።

5ኛው ለእማማ የተሰጠ መልስ ነው። ወንጌል ላይ የእባብ ብልህነት ተመስግኗል የሚል። እማማ አልተመለሱም።

6ኛው ስኮች ይዞ መጣ። የማሸጊያ ፕላስተር ማለቴ ነው። እሱ ዘንድ የነበረች እባብ ቆዳዋ ሲጣበቅ ስኮች ለጥፎ ሸርተት አድርጎ አነሳው፣ በአምስት ደቂቃ ተገላገለ። ዓይኗ ላይም እንደዚያው። ይሄ ሁሉ ሐተታ ለአንድ ልጣጭ ነው ወይ የሚል ሹፈትም ጣል አድርጓል።

7ኛው እንግዲህ የክሩ ጨዋነት ያለቀበት ቦታ ነው። ዶክተር ተቆጣች። ከዓይን ላይ በስኮች የሚነሳው አሮጌው ቅርፊት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አዲሱም አብሮ ከተነሳ ዓይኑ ይጠፋል። ሰውነቷም ላይ ቢሆን ከሥር ያለው ቆዳ ገና ለጋ ነው፣ ሲጎተት ይቆስላል። እድል ቀንቶህ ያለፈን ነገር ለሰው ምክር አድርገህ አትስጥ አለችው በደረቁ።

ያን ጊዜ ነው ያልጻፍኩትን የጻፍኩት። ክሩን ከመክፈቴ ከአንድ ሰዓት በፊት አንዱን ቁራጭ በጥፍሬ ይዤ ጎትቼው ነበር። ትንሽ መጣ። ከዚያ መቀነት ጠቅላላ ሰውነቷን አጠበቀች፤ ልክ የታሰረ ገመድ ሲከር እንደሚሆነው። ቁራጩ ሲላቀቅ ከሥሩ የምስር ክክ የምታክል ቀይ ቦታ ቀረች። ደም አልወጣም። ግን ቀይ ናት። ጥያቄውን የጠየቅኩት እንድትከለክሉኝ ነው መሰለኝ።

ዶክተር አልሰደበችኝም። ቁስሉን በንጹህ ለብ ያለ ውሃ እንዳጥበው፣ ሰጋቱራውን ዛሬውኑ አውጥቼ ጋዜጣ እንዳነጥፍ ነገረችኝ። ከእንጨት ቤት ያመጣሁት የጥድ ሰጋቱራ ነበር። ሽታው ለእኛ ደስ ይላል። ለእባብ ግን ያ ዘይቱ አይስማማም፣ ብናኙም ቁስል ውስጥ ይገባል፣ ያለችዋንም እርጥበት ይመጥጣል።

8ኛው መልስ ለእኔ የዚህ ክር ጌጥ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው። እባብ እንደማይወድ አስቀድሞ ተናዘዘ፣ ሒሳቡ ስቦት ነው የገባው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የታኅሣሥ ንጋት ብርድ ነው። አየሩ 8 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን ጥሩ ይመስላል። ያንኑ አየር ወደ ሣጥኑ አስገብተህ በአምፖል 30 ዲግሪ ስታደርሰው ግን 18 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውሃው የትም አልሄደም፤ ሞቃት አየር ብዙ ውሃ መያዝ ስለሚችል የያዘው ትንሽ ሆኖ ይቀራል እንጂ። ወንፊት ክዳን ደግሞ ያችንም ወደ ላይ ያስወጣል። አዙሬ ሳስበው፣ ለካ በብርዱ ላይ አምፖሉን ባጎላሁ ቁጥር እያደረቅኳት ነበር።

በማግስቱ መርካቶ ሄጄ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። 27። ለቦል ፓይተን 55 እስከ 60 በመቶ ያስፈልጋል፤ ቆዳ ልትጥል ስትል 70 ግድም።

ከ9 እስከ 12 ያለው መንገዱን ሳተ፣ ግን ደስ የሚል ስህተት ነው። 9ኛው ክፍሉን በከሰል እንዳሞቀው መከረኝ፤ ሦስት ሰው ባንድ ላይ ጮኸበት። ልክ ናቸው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ለእባብም ለባለቤቷም ሞት ነው። 10ኛዋ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ ነገረችን። እሷ ኤሊ ነው ያላት። ሁለት ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ትሞላለች፣ በፎጣ ትጠቀልላለች፣ ሣጥኑ ጥግ ታስቀምጣለች። ይሄን ወሰድኩት። 11ኛው የፍልውሃ ውሃ በጀሪካን አምጣና ንከራት አለ፣ ለሰው ቆዳ የሆነው ለእባብ አይሆንም ወይ ብሎ። 12ኛው እሷን ይዘህ ፍልውሃ ወረፋ ላይ ቁም፣ ወረፋው በአንዴ ያልቅልሃል ብሎ አሳቀን። ዶክተር አንድ ቃል ብቻ ጣለች፤ የቧንቧ ውሃ ይበቃል።

13ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ደፋብን። ይህች እባብ ፈቃድ አላት ወይ? በዱር እንስሳት አዋጁ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ቦል ፓይተን ደግሞ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ስላለች ድንበር ስትሻገር ሰነድ ሊኖራት ይገባል። 14ኛው ጠቋሚ ብሎ ሰደበው። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ወረቀቷ አለኝ፣ ከሣጥኗ ጋር ነው የተረከብኩት። ይህን ክር አንብቦ አንዲት እባብ ከጫካ አንስቶ ቤቱ የሚያስገባ ሰው ካለ፣ ወደ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጎራ ይበል።

15ኛው ክዳኑን በፌስታል ሸፍነው አለ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አምፖሉን ግን ረስቶታል። ዶክተር ወዲያው አረመችው። የምግብ መጠቅለያ ፎይል፣ ከአምፖሉ ራቅ ብሎ፣ ከወንፊቱ ሦስት አራተኛውን መሸፈን፤ አየር የሚገባበት ይቅር። የውሃ ሳህኑንም ከቀዝቃዛው ጎን ወደ ሞቃቱ ማዛወር። ይሄ ብቻውን መለኪያዬን ከ27 ወደ 44 አመጣው። ቀጥሎ እርጥብ ጎጆ ሠራሁላት፤ ባዶ የአይስክሬም ዕቃ፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳ፣ ውስጡ ውሃው የተጨመቀ ፎጣ። የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ እንዳይረሳ። ሣጥኑን በሙሉ ማርጠብ ግን አይደለም። ዶክተር እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሁልጊዜ እርጥብ ላይ የምትተኛ እባብ ሆዷ ይቆስላል።

16ኛው ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው፣ ከግቢው የድንጋይ ካብ ውስጥ ቡናማ እባብ እንደወጣ ጽፎ ፎቶ ለጠፈ። ሥሩ አንዱ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ብሎ ለእኔና ለእሱ አደረጋት። ዶክተር በፎቶ እባብ አልለይም አለች። አይጥ የሚበሉ፣ ሰው የማይጎዱ ቡናማ እባቦች አሉ፤ የማይቀልዱም አሉ። እጅህን አርቅ፣ ካቡን አትነካካ።

17ኛው አጭር ነው ግን አስደነገጠኝ። የውሃ ሳህኗን ተመልከት አለ፤ ጥቁር ጤፍ የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ካገኘህ ቅንቅን አለባት፣ ቆዳ እንዳይወጣ እሱም ያደርጋል። በስልኬ መብራት አየሁ። በአገጯ ሥር፣ በዓይኗ ዙሪያ። ምንም የለም። ሳህኑ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ የቡና ዱቄት ሆና ተገኘች።

ከ18 እስከ 20 በሕይወት ያለ አይጥ ይሰጣት ወይስ የሞተ በሚለው ሲነታረኩ አመሹ። ዓይኗ በደፈረሰ ጊዜ ባትበላ እንደማይገርም ከመሃላቸው አንዱ ተናገረ። ከሦስቱ መልስ የሚጠቅመው እሱ ብቻ ነው። የቀረውን ዝለሉት።

21ኛው የእኔ ነው፣ የመታጠቢያውን ምሽት የጻፍኩበት። ዶክተር እንዳለችው አደረግሁ። ሰፋ ባለ ሳፋ ውሃ፣ 30 ዲግሪ። ጥልቀቱ የሰውነቷን ውፍረት ግማሽ ብቻ፣ ጭንቅላቷን ሳትቸገር ከውሃ በላይ እንድታደርግ። ሃያ አምስት ደቂቃ፣ አጠገቧ ተቀምጬ። ለሻይ እንኳን አልተነሳሁም። መጀመሪያ ጠርዙን እየተከተለች ዞረች። ከዚያ ቆመች፣ ምላሷን ብቻ እያወጣች። ጀርባዋ ላይ ያለው ደረቅ ነጭ ነገር ቀስ እያለ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ራሰ እንጀራ ለሰለሰ።

ከውሃው አውጥቼ ሻካራ እርጥብ ፎጣ ውስጥ አስገባኋት። እጄን በፎጣው ላይ ላላ አድርጌ ይዣለሁ፣ አልጎተትኩም። የምትሄደው ራሷ ናት። በአንዱ እጥፋት ትገባለች፣ በሌላው ትወጣለች። ሦስተኛውን ዙር ስትጨርስ ፎጣውን ዘረጋሁት። የጀርባዋ ቆዳ በሙሉ እዚያ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ከሥሩ የወጣው ጥቁርና ወርቃማ ቀለም ገና ከሳሎን መብራት በታች ያበራ ነበር።

የጭራዋ ቀለበት ግን አልወጣም። ዶክተር በጣም የፈራችው እሱን ነው። ቀለበቱ ሲደርቅ ይጠባል፣ ደም ይከለክላል፣ ጫፉ ይጠቁርና ይቆረጣል። ቀለሙን እንዳይ አዘዘችኝ። ሮዝ ነው፣ አልጠቆረም። አንደኛው በማግስቱ ምሽት ወጣ። ሁለተኛው ሦስት ምሽት ፈጀ። ሦስተኛው ምሽት ላይ እርጥብ ጥጥ ጠምጥሜበት አሥር ደቂቃ ከቆየሁ በኋላ በአውራ ጣቴ ወደ ጫፉ ገፋ ሳደርገው፣ እንደ ላላ ቀለበት ሾልኮ ወጣ። ጣቴ ላይ ቀረ። ከጤፍ አገዳ አይወፍርም።

22ኛው ያ ጨዋው ሰው ነው፣ የ1ኛው መልስ ባለቤት። እንኳን ደስ ያለህ ካለ በኋላ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀ። የጭንቅላቱን ቆዳ አገኘኸው ወይ? ዓይኖቹ አብረው ወጥተዋል ወይ?

አላየሁም ነበር። ሣጥኑን ሳጸዳ ያወጣሁትን ጋዜጣ ከቆሻሻ ፌስታሉ መልሼ አወጣሁ። የጭንቅላቱ ቁራጭ የውሃ ሳህኑ ሥር የነበረው ወረቀት ላይ ተጣብቋል። በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ግራው ላይ እንደ ሰዓት መስታወት ጉብ ያለች ጥርት ያለች ክብ አለች። ቀኙ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው።

23ኛው፣ ስኮች ሰውዬው፣ አሁንስ ምን ልታደርግ ነው ብሎ ጠየቀ። ለዛ ባለው ቃል ነው የጠየቀው፣ ልጻፈው። 24ኛው ዶክተር ናት። ምንም አታድርግ። ወረንጦ የለም፣ ጥጥ የለም፣ ጥፍር የለም። እርጥበቱን 60 ላይ ጠብቅ፣ በሚቀጥለው ይወጣል። ካልወጣ ወይም ዓይኗ ካበጠ ያኔ ለሐኪም አሳያት። 25ኛው መጠበቅ ሥራ ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ። 26ኛው የተጣለው ቆዳ ለመድኃኒት ይፈለጋል፣ ስንት ትሸጠዋለህ ብሎ ኢንቦክስ እንዳደርግ ጠየቀ። አላደረግሁም።

ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ዓይኗ ደፈረሰ፣ ጠራ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ከአይስክሬም ዕቃው ቀዳዳ ውስጥ ካልሲ ተንጠልጥሏል። አንድ ወጥ፣ እስከ ጭራዋ ጫፍ። መለኪያው 63 ይላል። ጭንቅላቱን በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ሁለቱም አሉ። የቀኙ ግን ከግራው ወፈር ይላል፣ ብርሃኑንም ትንሽ ያደበዝዛል። በጥፍሬ ጫፍ ነካ ሳደርገው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ የታኅሣሥ ነው።

ፎቶውን ክሩ ሥር ለጠፍኩት። 27ኛው መልስ በማግስቱ መጣ። የሼፐርድ ቡችላ የሚሸጥ ሰው ታውቃለህ ወይ ይላል።